የቱን ጎን ላጥቁር? የመስመራዊ ያለእኩልነት ግራፍ አሳሳል

200 ብር ይዛችሁ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገባችሁ እንበል። ደብተር 40፣ እስክሪብቶ 20 ብር ነው። ስንት ስንት መግዛት ትችላላችሁ? መልሱ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ የእኩል ይሆናል ምልክት ብቻውን የማይበቃንም ለዚህ ነው። የደብተሩን ብዛት ደ፣ የእስክሪብቶውን እ ካልነው፣ 40ደ + 20እ ≤ 200 ይሆናል፤ ≤ «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ማለት ነው፣ እንዲህ ያለው አጻጻፍም ያለእኩልነት ይባላል። ሁሉንም ለ20 አካፍሉት፤ 2ደ + እ ≤ 10። ቀለል አለ አይደል?

አሁን ምልክቱን ለጊዜው እርሱትና እኩል ነው ብላችሁ መስመሩን ብቻ አውጡ። ደ ዜሮ ሲሆን እ 10፣ እ ዜሮ ሲሆን ደ 5 ነው። አግዳሚው ዘንግ ላይ 5ን፣ ቋሚው ላይ 10ን ምልክት አድርጋችሁ በማስመሪያ አገናኙ። ምልክቱ ≤ ወይም ≥ ከሆነ መስመሩ ድፍን ነው፣ ምክንያቱም መስመሩ ላይ ያሉት ነጥቦችም መልስ ናቸው፤ 3 ደብተርና 4 እስክሪብቶ ልክ 200 ብር ይመጣል። < ወይም > ከሆነ ግን ቁርጥርጥ አድርጉት።

ብዙ ተማሪ የሚሸወደው ቀጥሎ፣ መልሶቹ ያሉበትን የመስመሩን ጎን ሲያጠቁር ነው። «ያንሳል ከሆነ ከታች፣ ይበልጣል ከሆነ ከላይ» የምትል ሽምደዳ አለች። እ በግራ በኩል ብቻዋን ከቆመች ትሠራለች፣ ካለዚያ ጉድ ትሠራችኋለች። 2ደ − እ < 4ን እዩት። ያንሳል ይላል፣ የሚጠቁረው ግን ከላይ ያለው ነው! እን ለብቻዋ ለማውጣት በ−1 ስታካፍሉ ምልክቱ ይገለበጣል፤ እ > 2ደ − 4 ይሆናል። ለምን ይገለበጣል ካላችሁ፣ 3 ከ5 ያንሳል፣ −3 ግን ከ−5 ይበልጣል።

እኔ ሽምደዳውን ትታችሁ ነጥብ ሞክሩ ባይ ነኝ። ወደ ደብተርና እስክሪብቶው ጥያቄ እንመለስና ለሁለቱም ዜሮ አስገቡ፤ 0 ≤ 10፣ እውነት ነው። ስለዚህ (0, 0) ያለበትን ጎን አጥቁሩ። ሐሰት ቢመጣ ተቃራኒውን ታጠቁሩ ነበር። መስመሩ ራሱ በ(0, 0) ላይ ካለፈ፣ ለምሳሌ እ > 2ደ ከሆነ፣ ሌላ ነጥብ ውሰዱ። (1, 0) ስናስገባ 0 > 2 ይመጣል፣ ሐሰት ነው፤ (1, 0) የሌለበት ጎን ይጠቁራል።

አንድ ነገር ቀረ። ኔጌቲቭ ደብተር የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ጥያቄው ስለ ዕቃ ብዛት ከሆነ ደ ≥ 0 እና እ ≥ 0 ጨምሩበት፤ የጠቆረው ቦታ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል። እስክሪብቶም በግማሽ አይሸጥም፣ ከውስጡ የምትወስዱት ሙሉ ቁጥሮቹን ብቻ ነው። (2, 3) 140 ብር ስለሆነ ውስጥ ነው፣ (4, 3) ግን 220 ብር ይመጣል፤ ውጭ ነው።