ከጀርም በላይ የሚያስፈራው የሞላ የሽንት ፊኛ ነው፦ በቤት ውስጥ ካቴተር ስንጠቀም የምንሠራቸው ስህተቶች

በህብለ ሰረሰር ጉዳት ወይም በስፓይና ባይፊዳ (አከርካሪ በትክክል ሳይገጥም መወለድ) ምክንያት በቀን በተወሰኑ ሰዓታት ካቴተር፣ ማለትም ሽንት ከፊኛ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ እየገባላቸው የሚሸኑ ሰዎችን በየቤታቸው ስጎበኝ፣ ቤተሰቡ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ጀርምን ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቁን ጥፋት ሲያመጣ የማየው ግን ፊኛን ባዶ ማድረግን ማዘግየት ነው።

«ባስገባን ቁጥር ኢንፌክሽን እንጨምራለን» ብለው ጠዋትና ማታ ብቻ የሚያስገቡ አሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ያስተማረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ፊኛ ከመጠን በላይ ሲወጠር ወደ ግድግዳው የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያን መቋቋም ያቅተዋል። በሰዓቱ ባዶ ለሚሆን ፊኛ ግን በሳሙና በደንብ የታጠበ እጅና ንጹሕ ካቴተር ይበቃሉ። አዋቂዎች አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የሚወጣውን ሽንት ለጥቂት ቀናት ለኩት፤ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ከሆነ ሰዓቱን አቀራርቡ። ከልክ በላይ የሞላ ፊኛ ሽንትን ወደ ኩላሊት ሊመልስ ይችላል፤ ኩላሊት ደግሞ ሳያሳምም ይጎዳል።

ጉዳቱ ከደረት አካባቢ ወደ ላይ ባለው የህብለ ሰረሰር ክፍል ላይ ከሆነ አደጋው ይፈጥናል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ ከታየ የደም ግፊቱ በድንገት አሻቅቦ ሊሆን ይችላል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ወዲያውኑ ፊኛውን ባዶ አድርጉ፤ ካልተሻለው ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ለሠርግ ወይም ለመንገድ ብሎ ውሃ መቀነስም እንዲሁ ጎጂ ነው። ሰቀቀኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ውሃውን ከመተው ካቴተሩን በቦርሳ መያዝ ይሻላል።

አልገባ ሲል በጉልበት አትግፉ። ትንሽ ቆዩ፣ በረጅሙ ይተንፍስ፣ ይሳል፤ አሁንም እንቢ ካለ አቁማችሁ ባለሙያ ጥሩ። በሴቶች ካቴተሩ በስህተት ወደ ማህፀን በሚወስደው የብልት ቀዳዳ (ቫጂና) ከገባ ቶሎ አታውጡት፤ እዚያው ምልክት ሆኖ ይቆይና በአዲስ ካቴተር ከፍ ብሎ ያለውን የሽንት ቀዳዳ ፈልጉ። ለማለስለሻ ቫዝሊንም ዘይትም አይሆንም፤ በውሃ የሚሟሟ ጄል ከፋርማሲ ግዙ።

ሽንቱ እንዳቆመ ፈጥኖ መንቀልም የተለመደ ነው። ቀስ እያላችሁ ሳቡት፤ እንደገና መፍሰስ ከጀመረ ባለበት አቁሙና ጠብቁ። የሚቀረው ሽንት የባክቴሪያ መራቢያ ነው።

ካቴተሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ተጠቅማችሁ ጣሉት። በእጥረት ምክንያት ባለሙያ ደግማችሁ እንድትጠቀሙበት የፈቀደላችሁ ዓይነት ካለ ግን፣ ውስጡንም ውጭውንም በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። እርጥቡን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ጀርም ማርባት ነው።

በመጨረሻ የሚያሳዝነኝ የመድኃኒቱ ነገር ነው። ካቴተር በሚጠቀም ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ እርጉዝ ካልሆነች ወይም በሽንት ቧንቧ ላይ የሚደረግ ሕክምና ካልተቃረበ በስተቀር፣ ምልክት ለሌለው ሰው አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ያለ ምክንያት ከተወሰደ፣ በእርግጥ በሚታመምበት ቀን ላይሠራለት ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም ደም ሲታይ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።