ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ፦ አእምሮው የተጨነቀን ወጣት እንዴት እንርዳ?

ወላጅ ወይም መምህር የልጁን መለወጥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያየዋል። የሚቸግረው ምን ብሎ እንደሚጀምር ነው። ወጣቱን ደግሞ ከሕመሙ በላይ የሰው አፍ ያስፈራዋል፤ «አበደ» እንዳይባል ይደብቃል። ይህ ፍርሃት የሚቀልለው እርዳታ መጠየቅ ጥርስ እንደ መታከም ተራ ነገር ሲሆንለት ነው፤ ያን የማድረጉ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ከቤት ነው።

ምን እናስተውል?

የአንድ ቀን መከፋት ሕመም አይደለም። ለውጡ ሁለት ሳምንት ካለፈውና እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱን ወይም ጓደኝነቱን ከነካ ግን ዝም አይበሉ። በዚህ ዕድሜ ድብርት ሁልጊዜ በእንባ አይገለጽም። ቁጣና መነጫነጭ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስ ምታት ወይም የሆድ ሕመም፣ ይወደው የነበረውን ኳስ እርግፍ አድርጎ መተው ሊሆን ይችላል። «ጠባዩ ተበላሸ» ተብሎ የሚቀጣው ልጅ አንዳንዴ የታመመ ልጅ ነው። ያዩትን ከነቀኑ በወረቀት ይያዙ፤ በኋላ ለባለሙያው ይጠቅማል።

ጨዋታውን መክፈት

ከጠብ በኋላ ወይም ሰው ባለበት አይጀምሩ። ጎን ለጎን እየሄዱ ወይም ዕቃ እያጠቡ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። ስልክዎን ያስቀምጡና ባዩት ነገር ይጀምሩ፦ «ሰሞኑን ሌሊት እንደማትተኚ አያለሁ፤ ከጓደኞችሽም ርቀሻል። ምን እየከበደሽ ነው?» «ምን ሆነሻል?» ብቻ ከተባለች «ምንም» ብላ ትዘጋዋለች።

ከዚያ ዝም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታው ስለሚጨንቀው ወዲያው ወደ ምክር ይገባል። «እኛ በአንቺ ዕድሜ ስንቱን አይተናል»፣ «ምን ጎደለሽ?»፣ «ጠንከር በይ» የሚሉት ቃላት ልጅቷ ለሕመሟ ማስረጃ እንድታቀርብ ያስገድዷታል፤ ሁለተኛ አትናገርም። በምትኩ የሰሙትን መልሰው ይንገሯት፦ «ትምህርት ቤት መግባቱ ራሱ አስጨንቆሻል ማለት ነው?» እምቢ ካለች አይጫኗት፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይመለሱበት። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። «ለማን እንደምንናገር አብረን እንወስናለን፤ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም አልልም» ማለት እውነተኛ ቃል ነው።

ስለ ሞት መጠየቅ

ተስፋ የመቁረጥ ንግግር ከሰሙ በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ጥያቄው ሐሳቡን በልጁ ውስጥ አይተክልም፤ ለብዙዎች እንዲያውም እፎይታ ነው። «አዎ» ካለ አይቆጡ፣ አያልቅሱበት። እንዴትና መቼ እንዳሰበ፣ ማድረጊያው በእጁ እንዳለ ይጠይቁ። ዕቅድ ካለው ለብቻው አይተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት። ያላቀደም ቢሆን ባለሙያ ቶሎ ሊያየው ይገባል። በሁለቱም ሁኔታ መድኃኒት፣ ፀረ ተባይ መርዝና የጦር መሣሪያ ከቤት ይውጡ ወይም ይቆለፍባቸው። ራስን የማጥፋት ግፊት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ማድረጊያው ከራቀ ማዕበሉ ያልፋል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

የት እንደሚጀመር ካላወቁ ወደ ጠቅላላ ሐኪም ወይም የትምህርት ቤት አማካሪ ይሂዱ። ሳይኮሎጂስት በንግግር ያክማል፤ ሳይካትሪስት መድኃኒት ማዘዝ የሚችል ሐኪም ነው። ምርጫውን ለወጣቱ ይተዉ፦ ወንድ ወይስ ሴት ባለሙያ፣ በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር። የሚጠብቀውንም አስቀድመው ይንገሩት። የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አልኮልና ዕፅ፣ ስለሚመላለስበት ሐሳብ የሚጠየቅበት ነው። የተወሰነውን ሰዓት ከባለሙያው ጋር ብቻውን ይሁን፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።

የድብርት መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራም» ብለው የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው፤ በድንገት ማቆም ደግሞ ራሱ ያማል። ከ25 ዓመት በታች በሆኑት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቁነጥነጥ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊብስ ስለሚችል በቅርብ ይከታተሉ፤ ካዩ ለሐኪሙ ወዲያው ይደውሉ።

መገለልን መቀነስ

«እብድ»፣ «ቀውስ» የሚሉ ስድቦች ለቀልድም ቢሆን ከቤትና ከክፍል ይቅሩ፤ የሚሰማው ልጅ ነገ ስለ ራሱ ለመናገር ማን እንደሚመች እየለካ ነው። ለዘመድ የሚነገረውን ወጣቱ ራሱ ይወስን። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ጽሑፍ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ታክሞ በጤና እየኖረ ያለ ሰው መጥቶ ተማሪዎች ይጠይቁት። ተጋባዡ ወዶ የመጣ ይሁን፤ የረዳውን ይናገር እንጂ ራሱን የጎዳበትን መንገድ አይዘርዝር።

ከዚያ በኋላ

ሁለተኛውን ቀጠሮ ከክሊኒኩ ሳትወጡ ያዙ። መንገድ ላይ «ምን አልከው?» ብለው አይመርምሩት፤ «ባለሙያው ተስማማህ?» ይበቃል። ካልተስማማው ባለሙያውን ይቀይሩ፤ ሕክምናው አይቋረጥ። ቀጠሮ ካለፈውም ሳይወቅሱት በዚያው ቀን ደውለው ሌላ ያስይዙለት።