ቤሄሞት የተባለውን የሜታል (ከባድ ሮክ) ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ

መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱት። እኔ በጆሮ ማዳመጫ ለቅቄው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ አውልቄ ወርውሬዋለሁ። ጩኸቱን ለጊዜው ተዉትና ከበሮውን ብቻ ተከተሉ፤ እጅና እግር እየተፈራረቁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ጆሮ ሲለምደው የጊታሩ ዜማ ከሥር ብቅ ይላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከወጣው «ዘ ሳታኒስት» አልበም ጀምሩ። ድምፃዊው ኔርጋል በ2010 የደም ካንሰር ከያዘው በኋላ የተሠራ ነው፤ ከቀደሙት ይልቅ ፋታ ይሰጣል።

ግጥሙን ከዚያ በኋላ አንብቡ። የባንዱ አባላት ፖላንዶች ናቸው፤ ጠባቸው አገራቸው ውስጥ ሥር ከሰደደችው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። ኔርጋል በ2007 መድረክ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ቀዶ በፍርድ ቤት ዓመታት ተመላልሷል። እኔ አማኝ ነኝ፣ ይሄ አሁንም ያንገሸግሸኛል። የተገለበጠውን መስቀልና ቀለም የተቀባውን ፊት ግን እንደ ቴአትር አልፈዋለሁ። ካልቻላችሁ ቪዲዮውን ትታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ።