ዚንና የራስን ሕይወት በኮሚክ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ዚን ከአንድ ወይም ከጥቂት ወረቀት ታጥፎ፣ በእጅ ተጽፎና ተሥሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚባዛ ትንሽ መጽሔት ነው። አሳታሚ የለውም፤ "ይህ አይወጣም" የሚል አርታኢም የለውም። ኮሚክ ደግሞ ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና ጽሑፍ መተረክ ነው። ጅማ ውስጥ በቀበሌ አዳራሽና በወጣት ማዕከል ሳስተምር ብዙ ተሳስቻለሁ። አብዛኛው ስህተቴ የመጣው የትምህርት ቤቱን ልማድ ይዤ በመግባቴ ነው።

አሳምሮ በመሣል መጀመር

የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ያማረ ፊት ሣልኩ። ከኋላ የተቀመጡት እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው "እኛ ሥዕል አንችልም" አሉ፤ ሁለቱ በሻይ ሰዓት ወጥተው አልተመለሱም። አሁን ሆን ብዬ እጅና እግሩ እንደ ክብሪት እንጨት የሆነ ሰው እሥላለሁ፤ ይስቁብኛል፣ ከዚያ ይጀምራሉ። አሜሪካዊው ሃርቪ ፒካር በፈረንጆቹ ከ1976 ጀምሮ የራሱን ተራ ኑሮ በኮሚክ ሲያወጣ መሣል አይችልም ነበር። የሆስፒታል ፋይል ሠራተኛ ሆኖ እየኖረ ገጹን እንዲህ ባሉ የክብሪት እንጨት ሰዎች ያቅድና ለሠዓሊዎች ይሰጥ ነበር። "ኮሚክ የፈረንጅ ነው" የሚል ከተነሳም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሣጥን ከፍሎ የሚተርከውን የአገራችንን ሥዕል አስታውሱት።

"የሕይወት ታሪክህን ሥራ" ማለት

እንዲህ ካላችሁ "እኔ የተወለድኩት በ..." ብሎ የሚጀምር ሲቪ ታገኛላችሁ። ትንሽ ነገር ጠይቁ፦ አንድ ጠባሳ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የዛሬ ጠዋት። አንድ ልጅ ፊት መሣል ስለፈራ የዚኑን ስምንቱንም ገጽ እግር ብቻ ሣለ። ገጽ አንድ ላይ አዲስ ነጭ ጫማ። ቀጥሎ ከቤቱ ደጃፍ፣ ከዚያ አዌቱ ድልድይ ላይ፣ ከዚያ የጅማ ክረምት ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። ገጽ ሰባት ላይ አንድ እግር ጫማ አለው፣ ሌላው የለውም። የመጨረሻው ገጽ ላይ እናቱ ከምድጃ አጠገብ ያደረቀችው ጫማ ብቻ አለ። አንድም ፊት የለበትም፤ ግን ልጁን አወቅነው።

ቋንቋውን መቆጣጠር

እኔ የማስተምረው በአማርኛ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ግን ከእናታቸው ጋር የሚያወሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እናትን በንግግር ፊኛ (የተናጋሪው ቃል በሚጻፍበት ክብ) ውስጥ በአማርኛ ካናገሯት ሌላ ሴት ትሆናለች። ትረካው በፊደል፣ የእናት ንግግር በቁቤ ቢጻፍ ምንም አይጎድልም፤ ሁለቱም ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ቁርአን ቤት የተማሩት አንዳንዶቹ ግን መጽሐፍ ከቀኝ መክፈት ስለለመዱ ሽፋኑን ከኋላ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሰጠንን ነገር አለመጠቀምም ስህተት ነው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገርን ገጹ በሚገለጥበት ቦታ ላይ መክፈል ይቻላል። "አባቴ ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው አንስቶ..." ብሎ ገጹ ያልቃል። ሸጠው? ሰበረው? ሰጠኝ? አንባቢው ገጹን ሳይገልጥ አያርፍም።

ሳይቆጥሩ መሣል

ይህኛው የእጅ ሥራ ነው፣ ቶሎ ይታረማል። አንድ ኤፎር ወረቀት ሦስት ጊዜ በግማሽ ሲታጠፍ ስምንት ገጽ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ በግምት 7.4 በ10.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የመሃሉ መስመር የሚቆረጠው ወረቀቱ ተዘርግቶ፣ አጫጭር ጎኖቹ እንዲገናኙ ለሁለት ታጥፎ፣ ከታጠፈው ጎን እስከ መሃል ብቻ ነው። ዳር ድረስ የቆረጠ ሰው ሁለት ቁራጭ ይዞ ይቀራል (በየዙሩ አንድ አይጠፋም)። መጀመሪያ አጥፈው የገጹን ቁጥር በእርሳስ ይጻፉ፣ ከዚያ ይዘርጉ። አራቱ ቁጥሮች ተገልብጠው ሲታዩ ያን ጊዜ ነው የሚገባቸው። በስቴፕለር የሚያያዝ ከሆነ ደግሞ የገጹ ብዛት ለአራት መካፈል አለበት።

እርሳስ በፎቶ ኮፒ ደብዝዞ ይወጣል፤ በጥቁር እስክሪብቶ ይድገሙበት። ከዳር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፣ ማሽኑ ዳሩን ይበላዋል። በወፍራም ማርከር በትንሹ የተጻፈ ፊደል ሲባዛ "ቡ" እና "ቢ" አይለዩም። ፊኛውንም ከጽሑፉ በኋላ ይሣሉት። ስንት ጊዜ ባዶ ፊኛ ቀድሞ ተሥሎ "እንዴት አደራችሁ" አልገባ ብሏል!

የሌላ ሰው ሕይወት መሆኑን መርሳት

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። አንዲት ተማሪ የጠዋት ቡናን በሦስት ገጽ ሠራች። በአቦል ሰላምታ፣ በቶና የገበያ ዋጋ፣ በበረካ ደግሞ ጎረቤቷ ዝቅ ብላ ባሏ ጥሏት መሄዱን ትናገራለች። ሲኒው በየገጹ ቡናው እየቀጠነ ይታያል። በጣም ወደድኩት፣ ሠላሳ ቅጂ አስባዛሁ። የጎረቤቷ ስም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ደጃፏ ላይ አበባ የተተከለበት አፉ የተሰበረ ጀበና ተሥሏል፣ በሰፈሩ እንዲህ ያለ ጀበና ያለው ያ ደጃፍ ብቻ ነው። በሳምንቱ ጎረቤቷ ቡና መምጣት ተወች።

ጥፋቱ የተማሪዋ አይደለም፤ ማተሚያው ላይ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። አንዴ የተበተነ ፎቶ ኮፒ አይሰበሰብም። አሁን ከማባዛት በፊት ለእያንዳንዱ "እዚህ ውስጥ ከአንተ ሌላ ማን አለ? አይቶታል?" እላለሁ። ካላየው ጀበናው ይቀየራል፣ ሰፈሩ ይቀየራል፣ ወይም ዚኑ በአንድ ቅጂ ይቀራል። በአንድ ቅጂ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ዚንም ዚን ነው።

ሐዘን መጎርጎርም የዚሁ ስህተት ዘመድ ነው። "ልብ የሚነካ ነገር አምጡ" አይባልም፤ ያልፈለገን ሰው አስነስቶ ማስነበብም ነውር ነው። በደል ወይም ድብደባ የሣለ ካለ በሰው ፊት አይጠየቅም። ለብቻ ያነጋግሩት፤ ወዴት ሊልኩት እንደሚችሉም ሥልጠናው ሳይጀመር ይወቁ።

ሰዓቱን አለማሰብ

አርብ ቀትር ላይ የጠራሁት ስብሰባ ግማሹን ሰው ለጁምአ አጣ። ማባዛቱንም ወደ ማታ አታቆዩት፤ መብራት ከጠፋ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ።

ኦሪጅናሉን መውሰድ

አንድ ጊዜ ወረቀትና ሻይ የቻለልን አካል "ለሪፖርት" ብሎ አሥራ አንድ ኦሪጅናል ሰበሰበ። የጫማው ልጅ ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠየቀኝ፤ በእጄ የነበረው በስልኬ ያነሳሁት ገጽ ሰባት ብቻ ነበር። አሁን ለሪፖርት የሚሄደው ፎቶ ኮፒ ነው። ኦሪጅናሉን ባለቤቱ በዚያው ቀን ይዞት ይገባል።