ጠላት እየተዘጋጀ ነው ሲባል

በውትድርና ዘመኔ የመረጃ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ከግንባር የሚመጣውን ወሬ አንብቤ፣ መዝኜ ለአዛዡ አቀርባለሁ። አሁን ጅማ፣ ሒርማታ አካባቢ እኖራለሁ። ታሪክ የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ልጆች «ጋሼ፣ ጠላት ሊያጠቃ መሆኑ አስቀድሞ እንዴት ይታወቃል?» ይሉኛል። የምነግራቸውን ልጻፈው።

ጥያቄውን አጥብቡ። «ጠላት ምን አስቧል?» ተብሎ ቃኚ አይላክም። «በዚያ ድልድይ ማታ ስንት የጭነት መኪና ያልፋል? ጭነት አለው ወይስ ባዶ ነው?» በሉት። ሲመለስ ያየውን፣ የሰማውንና የገመተውን ለየብቻ፣ ከነሰዓቱና ከነቦታው ጻፉለት። ስሙ ግን ሪፖርቱ ላይ አይውጣ። ሰው በዚህ ሞቷል።

ከዚያ ወሬውንና ወሬ አምጪውን ለየብቻ መዝኑ። ብዙ ጦሮች ለምንጩ ከኤ እስከ ኤፍ ፊደል፣ ለወሬው ከ1 እስከ 6 ቁጥር ይሰጣሉ። ኤ እስካሁን የታመነ ሰው ነው፤ 1 በሌላ ምንጭ የተረጋገጠ ወሬ። ኤፍና 6 «ውሸት» ማለት አይደሉም፤ መመዘን አልተቻለም ማለት ነው። ታማኝ ሰው የተሳሳተ ወሬ ያመጣል፣ ቀጣፊም አንዳንዴ እውነት ይዞ ይመጣል።

«በሌላ ምንጭ ተረጋግጧል» ሲባል ቶሎ አትመኑ። እዚህ ጅማ በቡና ወቅት ሦስት ደላሎች «ጀንፈል ሊረክስ ነው» ይሏችኋል። ብትጠይቁ ሦስቱም የሰሙት ከአጋሮ ከመጣ አንድ ሹፌር ነው። ይሄ አንድ ወሬ እንጂ ሦስት አይደለም። የግንባር ወሬም ላይ «አንተስ ከማን ሰማህ?» እያላችሁ እስከ ሥሩ ውረዱ።

በተለይ ደስ የሚላችሁን ወሬ ፍሩ። ከየካቲት 23 ቀን 1888ቱ የዓድዋ ጦርነት በፊት ባሻ አውዓሎም ለጣሊያኖች የሚሠራ መስሎ፣ የምኒልክ ጦር ስንቅ ፍለጋ ተበትኗል የሚል ወሬ እንዳደረሰላቸው ይነገራል። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነበር።

ትልቁ ነገር ግን ምልክቱ ጠላትን የሚያስወጣው ወጪ ነው። ወታደር ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ለማስመሰልም ይመቻል። ነዳጅና ጥይት ወደ ፊት ማከማቸት፣ የመስክ ሆስፒታል መትከል፣ ደም ማሰባሰብ፣ የድልድይ መሥሪያ ወንዝ ዳር ማምጣት ግን ብዙ ያስወጣል። ስትቆጥሩ እነዚህን አስቀድሙ።

መስከረም 26 ቀን 1966 ግብፅና ሶሪያ እስራኤልን ያጠቁት በዚህ ዓይነት ምልክቶች መሃል ነው። ግብፅ «የጦር ልምምድ ላይ ነኝ» ትል ነበር። የድልድይ መሥሪያው ግን ሁለቱን ጦሮች የሚለየው የስዊዝ ቦይ አጠገብ ደርሷል። ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ሶቪየቶች ቤተሰቦቻቸውን ከካይሮና ከደማስቆ ማስወጣት ጀመሩ። የእስራኤል ጦር መረጃ ክፍል ምልክቶቹን አይቷቸዋል። ነገር ግን «ግብፅ ረጅም ርቀት የሚመታ አውሮፕላንና ሚሳይል ሳታገኝ አትዋጋም» የሚል እምነት ነበረው፤ እያንዳንዱን ምልክት በዚያ እምነት ተረጎመው። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1965 ሚያዝያና ግንቦት፣ ተነሥቶ የነበረው የጦርነት ሥጋት ሳይደርስ መቅረቱም አዘናግቷቸዋል። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ወሬው እጃቸው ላይ ነበርና።

ስለዚህ እምነታችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩት። ከጎኑ «ይህን ምልክት ካየሁ ሐሳቤን እለውጣለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ምልክቱ ሲመጣ ምክንያት አትፈልጉ፤ ቃላችሁን ጠብቁ። በክፍላችሁ ውስጥም አንድ ሰው ተቃራኒውን እንዲከራከር መድቡ። ተቃዋሚ ነው ብላችሁ ግን እንዳትቀየሙት።

ለአዛዡ ስታቀርቡ ጠላት ማድረግ የሚችለውንና ሊያደርግ ያሰበውን ለዩለት። አቅም ይቆጠራል፣ ሐሳብ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። «ሊያጠቃ ይችላል» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። የት፣ መቼ፣ በምን ኃይል፣ እናንተስ ምን ያህል እርግጠኞች ናችሁ? ያላወቃችሁትንም በግልጽ ጻፉለት። ከሥሩ ቃኚው ዛሬ ማታ ይዞት የሚወጣውን ጥያቄ አስፍሩ።