የአሮጌ ሳይክል ኮርቻ ዕድሜ፦ ቆዳውን ተዉት፣ ብረቱን ጠይቁ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ቆቦ ውስጥ ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ ሳይክል ጓዳ ያስቀመጠ ቤት አይጠፋም። ጎማው ብዙ ጊዜ የለም፣ ፍሬኑ ተበጣጥሷል፣ ኮርቻው ግን አለ። ጥሩ ቆዳ ቶሎ አይሞትም። ያየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ነገር ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው፤ መልሱ ደግሞ በግምት ይሰጣል። ቆዳው ከተሰነጣጠቀ «የጣሊያን ጊዜ ነው» ይባላል፣ ደህና ከሆነ «የደርግ ጊዜ ነው» ይባላል። ይሄ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያው ኮርቻው ላይ ተመትቶ ተቀምጧል፣ ገልብጦ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው።

ከቆዳው አትጀምሩ። ቆዳ የሚነግራችሁ እንዴት እንደተያዘ ብቻ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ሁለት በጋ ያሳለፈ ኮርቻ፣ ደሴ ጓዳ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አርባ ዓመት ከተቀመጠው በላይ ያረጀ ይመስላል። ዝናብ የጠጣ ቆዳ ይጨማደዳል፣ ዘይት የበዛበት ይለጠጥና መሃሉ ይሰምጣል፣ ሁለቱም ቢሆን ስለ ዓመቱ ምንም አይናገሩም። ስለዚህ ለጊዜው ተዉት።

ኮርቻውን ከሳይክሉ አውርዱና ገልብጡት። የሚቀጥለውን ግን እባካችሁ ስሙኝ፤ የብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። ዝገት ያያችሁበት ቦታ ላይ ዘላችሁ መፈግፈግ ከጀመራችሁ፣ የምትፈልጓቸው ቁጥሮች ከዝገቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ቢበዛ ጫፉ ትንሽ ዘይት የነካው ጨርቅ ይበቃል፣ እሱም ብረቱ ላይ ብቻ። ከዚያ የሞባይላችሁን መብራት ከጎን አጋድማችሁ አብሩበት። ፊት ለፊት ስታበሩ የማይታይ ማህተም ከጎን ሲበራበት ጥላ ይሠራና ይነበባል። አሁንም አልነበብ ካለ ስስ ወረቀት አስደግፉና በእርሳስ ቀስ ብላችሁ አሹት። ፎቶ ማንሳትም አትርሱ፤ ፎቶውን አስፍቶ ማየት ከዓይን ይሻላል።

አሁን ስሙን ፈልጉ። የፋብሪካው ስም ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታ ይገኛል፦ የቆዳው ጎን ላይ ተጭኖ፣ ወይም ከኋላ በተመታች ትንሽ የብረት ታርጋ ላይ። በዓለም ላይ በቆዳ ኮርቻ ስሙ የገነነው የእንግሊዙ ብሩክስ ነው። (ከዚህ በታች የፈረንጅ ዓመት ነው የምጽፈው፣ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ጆን ቦልትቢ ብሩክስ በርሚንግሃም ከተማ በ1866 የፈረስ ዕቃና የቆዳ ሥራ ጀመረ፣ የመጀመሪያውን የሳይክል ኮርቻ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያወጣው በ1882 ነው። በ1958 ፋብሪካውን የሳይክል አምራቹ ራሌይ ገዛው። በ2002 ደግሞ የጣሊያኑ ሴሌ ሮያል ወሰደው፣ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ የብሩክስ ስም ብቻውን ምንም አይፈታላችሁም፤ መቶ ዓመት ያለፈውም ባለፈው ዓመት የተሠራውም ብሩክስ ሊሆን ይችላል። ቢ17 የሚባለው ሞዴል ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ተሠርቷል።

ዋናው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከኋላ ቆዳው በሪቬት (ተቀጥቅጦ በሚያያዝ የብረት ችንካር) የተያዘበትን ጠማማ ብረት ተመልከቱ፣ በተለይ የውስጥና የታች ፊቱን። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተሠሩ ብዙ ብሩክሶች ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደልና ሁለት አኃዝ ተመትቷል። ፊደሉ ከኤ እስከ ዲ ያለ ሲሆን የዓመቱን ሩብ ያሳያል፤ ኤ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ቢ እስከ ሰኔ፣ ሲ እስከ መስከረም፣ ዲ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ሁሉም በፈረንጅ ወር። ሁለቱ አኃዝ ዓመቱ ናቸው። «ዲ 58» ካለ በ1958 የመጨረሻ ሦስት ወራት ተሠርቷል ማለት ነው። ሁሉም ኮርቻ ላይ አይገኝም፣ ዝገት የበላውም ብዙ ነው፣ ግን ካገኛችሁት ሥራችሁ ከግማሽ በላይ አለቀ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ብሩክስ ሞዴሎቹንም የሚጠራው በዚሁ ዓይነት ነው፦ ቢ17፣ ቢ33፣ ቢ66፣ ቢ72። «ቢ72» የሚል ኮርቻ ያየ ሰው «የ1972 ሁለተኛ ሩብ!» ብሎ ይደመድማል። አይደለም፣ የሞዴሉ ስም ነው፤ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተሠራም ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ የሞዴል ስም ትልቅ ሆኖ በቆዳው ላይ ይታተማል፣ የዓመቱ ምልክት ደግሞ ትንሽ ሆኖ ብረቱ ላይ ይመታል። ቅርጹንም አመሳክሩ። ቢ17 ሞላ የለውም። ቢ66 ከኋላ ሁለት የተጠቀለሉ ሞላዎች አሉት። ቢ33 ከፊትም ሞላ ስላለው ሦስት ነው፣ ከባድ ሰውና ጭነት ለሚሸከም ሳይክል የተሠራ። የቢ72 ሞላ ግን አይጠቀለልም፣ ራሱ ሽቦው ከኋላ ዞሮ ቀለበት ይሠራል። ቅርጹና ስሙ ካልተጣጣሙ አንዱ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ይሄም ራሱ መረጃ ነው።

ወደ እኛ አቆጣጠር ስትቀይሩት ደግሞ ፊደሏ ትጠቅማችኋለች። ሰው ዝም ብሎ ስምንት ይቀንስና ያልፋል። ኤና ቢ ከሆነ ልክ ነው፣ ስምንት ይቀነሳል፤ ኤ 58 የእኛ 1950 ነው። ዲ ከሆነ ግን አዲሱ ዓመት ገብቷል፣ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ዲ 58 የእኛ 1951 ይሆናል። ሲ መሃል ላይ ነው፤ አብዛኛው ያለፈው ዓመት ውስጥ ይወድቃል፣ የመጨረሻዎቹ ሃያ ቀናት ብቻ ከእንቁጣጣሽ ይሻገራሉ። ለአንድ ዓመት ምን ይጣላሉ ትሉ ይሆናል። ግን የቤታችሁን ሽማግሌ ስትጠይቁ የሚነግሯችሁ በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ያቺ አንድ ዓመት ነገሩን ልታጣጥም ወይም ልታፋልስ ትችላለች።

የዓመት ማህተም ከሌለስ? አብሽር፣ ሌላ መንገድ አለ። በብረቱ ላይ የፓተንት ቁጥር ፈልጉ። የእንግሊዝ ፓተንት እስከ 1915 ድረስ ቁጥሩን በየዓመቱ ከአንድ ይጀምር ስለነበር ከቁጥሩ ጎን ዓመቱ ይጻፋል። ከ1916 ጀምሮ ግን ከ100001 ተነስቶ በተከታታይ ሄደ። ስለዚህ ባለ ስድስት አኃዝ የእንግሊዝ ፓተንት ቁጥር ያለው ኮርቻ ከ1916 ወዲህ ነው፣ ክርክር የለውም። ልብ በሉ፣ ፓተንት የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ፓተንት ወጥቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲታተም ሊኖር ይችላል።

የአገር ስምም ዋጋ አለው። በእንግሊዝኛ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካገኛችሁ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ውጪ ያ አገር አልነበረማ። የጀርመን ፓተንት ምልክት ዲ አር ፒ ከሆነ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪያበቃ ድረስ የወጣ ፓተንት ነው፣ ዲ ቢ ፒ ከሆነ ከጦርነቱ በኋላ። የፈረንሳዩ ኢዴያል ኮርቻ «ትሮን ኤ ቤርቴ» የሚባል ቤት ሥራ ነው፤ እኛ ጋ ብርቅ ነው፣ ካገኛችሁ ያዙት። ሳይክሉ ከነኮርቻው የህንድ ወይም የቻይና ከሆነ የፋብሪካው መመሥረቻ ዓመት ድንበር ይሆናችኋል። የህንዱ አትላስ ከ1951፣ ሂሮ ከ1956፣ የቻይናው ፍላይንግ ፒጅን ከ1950፣ ፊኒክስ ከ1958 ወዲህ ናቸው። እነዚህን «የጣሊያን ጊዜ» የሚላችሁ ሰው ካለ በትህትና አርሙት፤ ጣሊያን ደሴ የገባው በእኛ ሚያዝያ 1928 ነው፣ የወጣው ደግሞ በሚያዝያ 1933።

የብረቱ ልባስም ይናገራል። ኒኬል ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን አለው፤ ክሮም ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰማያዊ የነካው ነው። ሁለት ማንኪያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንደማየት ነው፣ አንዴ ዓይናችሁ ከለመደ አይጠፋችሁም። በሳይክል ላይ ክሮም ኒኬልን መተካት የጀመረው በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ጥርት ያለ ክሮም ያለበት ኮርቻ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ጥቁር ቀለም ግን አያስቸኩላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ክሮም ስለቆጠበች ብዙው ነገር ጥቁር ነበር፣ ነገር ግን ርካሽ ሞዴሎች ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በጥቁር ቀለም ወጥተዋል።

አሁን ወደ ቆዳው መመለስ ይቻላል፣ አንድ ነገር ለማጣራት ብቻ፦ የመጀመሪያው ቆዳ ነው ወይስ የተቀየረ? በእኛ አገር ዕቃ አይጣልም። ቆዳው ሲቀደድ ጎበዝ ባለሙያ በአገር ቆዳ አልብሶት ብረቱ ሌላ ሃያ ዓመት ይሠራል፣ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። የፋብሪካ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ጠርዙም እኩል የተቆረጠ ነው። ሪቬቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ርቀታቸውም የተለካ። የተቀየረ ከሆነ ቆዳው ይሳሳል፣ የፋብሪካ ስም አይታተምበትም፣ ሪቬቶቹ ይለያያሉ፣ አንዳንዱ ጋ ሚስማር ተቀጥቅጦ ታገኛላችሁ። እንዲህ ከሆነ የብረቱን ዓመት ጻፉና «ቆዳው በኋላ የተቀየረ» ብላችሁ ጨምሩበት። ዋጋ ያጣል ብላችሁ አትደብቁት።

ሌላው ጥንቃቄ፣ የኮርቻውን ዕድሜ ለሳይክሉ አትስጡ፣ የሳይክሉንም ለኮርቻው። ኮርቻ በሁለት ብሎን የሚወጣ ነገር ነው፣ ከአንዱ ሳይክል ወደ ሌላው ሲዞር ኖሯል። ሳይክሉ ባለ ሦስት ማርሽ ራሌይ ከሆነ የኋላ ጎማውን መሃል ጠርጉና እዩት። ስተርሚ አርቸር የሚባለው ማርሽ ብዙውን ጊዜ ዓመትና ወር ተመትቶበታል፤ «54 11» ካለ የ1954 ኅዳር፣ በፈረንጅ ወር። ይሄ ከኮርቻው ማህተም ጋር በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ከተቀራረበ አብረው ከፋብሪካ የወጡ መሆናቸው በጣም ያሳምናል። ሃያ ዓመት ከተራራቁ አንዱ እንግዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚጠየቀው። ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ የሰማችሁትን ብረቱ ላይ ለማየት ትጥራላችሁ። አጠያየቁም ይለያያል። «ጋሼ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የገዙት?» ብትሏቸው «ኧረ ልጄ፣ ማን ያስታውሰዋል» ይሏችኋል። «ጋሼ፣ ይቺን ሳይክል ሲገዟት የትኛው ልጅዎ ተወልዶ ነበር? ከስልሳ ስድስቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብትሏቸው ግን ቦታውን ይዘው ይነግሯችኋል። ወሎ ውስጥ ያ ዓመት ለማንም አይረሳም። የሚነግሯችሁ ግን የተገዛበትን እንጂ የተሠራበትን ጊዜ አይደለም፤ ዕቃው በመርከብ መጥቶ፣ አሰብ ወርዶ፣ ሱቅ ተቀምጦ፣ ምናልባትም ሁለተኛ እጅ ሆኖ ነው የደረሳቸው። ግዢው ከማህተሙ ቀድሞ ከተነገራችሁ አንዱ ተሳስቷል፤ ሳይክሉ ወይም ኮርቻው በመሃል ተቀይሮ እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ።

ስትጽፉት አንድ ዓመት ለማግኘት አትጨነቁ። ማህተም ካለ ዓመቱን ከነሩቡ ጻፉ። ከሌለ በሁለት ድንበር አስቀምጡት፦ «ክሮም ስላለው ከ1930 አካባቢ ወዲህ፣ ጋሼ በ1950 በእኛ ስለገዙት ከ1958 ያላለፈ»። ከየትኛው ምልክት ምን እንዳገኛችሁም አብራችሁ ጻፉ፣ በኋላ ሌላ ሰው ሲያየው ማስተካከል እንዲችል። ለመሸጥ ካሰባችሁ የማህተሙን ፎቶ አብራችሁ አሳዩ፤ የሚገዛ ሰው የሚያምነው እሱን ነው። ለመንዳት ካሰባችሁ ደግሞ ከፊት ያለውን የቆዳ መወጠሪያ ብሎን ቆዳው እንደደረቀ አታጥብቁት፣ ከሪቬቱ ሥር ይቀደዳል። መጀመሪያ ለቆዳ ኮርቻ የሚሆን ቅባት በስሱ ቀቡትና ጥቂት ቀን አሳድሩት። የምግብ ዘይት ግን አይሆንም፣ ቆዳውን አልፈስፍሶ መሃሉን ያሰምጠዋል።