ዩሪያ በሰንጋ መኖ፦ ከቅልቅሉ እስከ እርዱ

በአንድ ኩንታል የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ውስጥ ዩሪያው ከ1 ኪሎ አይለፍ፤ ጨውም 1 ኪሎ ይበቃል። ዩሪያው በኩንታል በመጀመሪያው ሳምንት 300 ግራም፣ በሁለተኛው 600፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሙሉው። ለጥቂት ቀናት ከተቋረጠ እንደገና ከትንሹ ይጀመራል።

ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጓሉ ነው። እርጥበት የነካው ዩሪያ ይጓጉልና አንዱ ሰንጋ የሁሉንም ድርሻ ይውጣል። ስለዚህ ፈጭተው በወንፊት ይንፉት፤ መጀመሪያ ከ5 ኪሎ ፉርሽካ ጋር አሽተው ከዚያ ወደ ኩንታሉ ይጨምሩ። በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ጭድ ላልቀመሰ የተራበ ከብት ማቅረብም አይሞከርም። ከ6 ወር በታች ያለ ጥጃ፣ ፈረስና አህያ አይቅመሱት።

ለሃጭ ማዝረብረብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መነፋት ከታየ መኖውን አንስተው ሐኪም ይጥሩ፤ እስኪደርስ ከ2 እስከ 4 ሊትር ኮምጣጤ ከብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር፣ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ቀስ እያሉ ይጋቱት።

ለበላተኛው የሚያሰጋው ግን ከዩሪያው ይልቅ ሰንጋው የተወጋው የመድኃኒት መርፌ ነው። ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን (አንቲባዮቲክ) ከተወጋ እስኪታረድ ብዙውን ጊዜ 28 ቀን፣ የአይቨርሜክቲን (የጥገኛ ተባይ መድኃኒት) መርፌ ደግሞ 35 ቀንና ከዚያ በላይ መቆየት ይፈልጋል፤ የሚያዘው ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ለፋሲካ የሚታረድ ከሆነ ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። መቀቀል መድኃኒቱን ያጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም፣ ክትፎውማ ጭራሽ አይቀቀልም። የተወጋበትን ቀን ከጆሮ ቁጥሩ ጋር ጽፈው ለገዢው ይስጡ።